በጥቁር ክፈፍ የታተመው የሽርሽር ወረቀት

በፌርፋክስ መንገድ፣ ከኦሎምፒክ ጎዳና ወረድ ብሎ ባለው የእኛ ሰፈር፣ የእኔ እጅ ያላረፈበት የአማርኛ ማስታወቂያ የሚያገኝ ሰው ካለ ምሳ እጋብዘዋለሁ። የሠርግ ጥሪው፣ የክርስትናው፣ የሙት ዓመቱ፣ የሚከራይ ክፍሉ፣ «ታክስ እንሠራለን» የሚለው ሁሉ ከእኔ ማሽን የወጣ ነው። ትምህርት ቤት የቆየሁት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። ይህን የምናገረው አፍሬበት ሳይሆን ኮርቼበት ነው። ኮምፒዩተር ማንም አላስተማረኝም። ሆቴል በር ላይ የሰው መኪና ፓርክ ሳደርግ በኖርኩባቸው ዓመታት፣ ደንበኛ እስኪመጣ ድረስ የእንግሊዝኛውን መመሪያ በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ ብቻዬን የተማርኩት ነው። የአማርኛ ፊደል መስመሩን ጠብቆ ወረቀት ላይ እንዲወጣ ማድረግ ዛሬ ለሁሉም ቀላል ነው፤ ያኔ በዚህ ከተማ ይህን የሚችል ሰው ሲፈለግ የሚመጣው ወደ እኔ ነበር። ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ሰዎች ጽሑፋቸውን ይዘውልኝ ይመጣሉ። ስህተታቸውን ሳርምላቸው ዝም ብለው ያያሉ።

ሌላም ማዕረግ አለኝ። መርዶ ሲኖር የምጠራው እኔ ነኝ። አሜሪካ መጥተን ብዙ ነገር ጥለናል፤ መርዶን ግን አልጣልንም። ሰው የሞተበት ሰው በስልክ አይነገረውም፣ ብቻውንም አይነገረውም። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሳይነጋ በሩ ላይ ይቆማሉ። ከመሃላቸው አንዱ ይናገራል። ያ አንዱ እኔ ነኝ። ድምፄ አይንቀጠቀጥም፤ ቃል አላበዛም። ብዙ ሰው እኔ ደረት ላይ ወድቆ አልቅሷል።

ይህን ሁሉ ያስቀደምኩት ከዚህ በታች የምጽፈውን ስህተት የሠራው አላዋቂ ሰው እንዳልሆነ እንዲታወቅልኝ ነው።

የምሠራው ከአንድ የቅመማ ቅመምና የእህል ሱቅ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ነው። አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ወደ አርባ ዓመት የሚጠጋው፣ ሰማያዊ የሆስፒታል ልብስ የለበሰ ሰው ገባ። ገና ከበሩ አወቅኩት። እናቱ ከእኛ ብዙም ሳትርቅ ሚድ ሲቲ ውስጥ፣ ከፒኮ መንገድ ገባ ብሎ ትኖራለች። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የሚወደው ወንድ እንደሆነ ለእናቱ ነገራት፤ በዚያው ቀን ከቤት ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ተያይተው አያውቁም። ሰው ሲጠይቃት «ካናዳ ነው» ትላለች። ካናዳ አለመሆኑን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ሎንግ ቢች ነርስ ሆኖ ማታ ማታ ይሠራል፤ በመኪና አንድ ሰዓት አይፈጅም።

«ጋሼ፣ እንዴት ነህ? አወቅከኝ?» አለኝ። እዚህ ያደጉት አንቱታን ከነጭራሹ ጥለውታል።

«የማላውቀው ሰው አለ እንዴ?»

«ሶ፣ ወረቀት እንድትሠራልኝ ነው። በአማርኛ። በእንግሊዝኛ አውጥተን ነበር፤ እናቶቻችን ግን እንግሊዝኛ አያነቡም።»

ስልኩን ከፍቶ አነበበልኝ፤ መሃል ላይ እንዲገባ የሚፈልገውን የራሱን ፎቶም አሳየኝ። ኤልጂቢቲ ለሆኑ ኢትዮጵያውያንና ለቤተሰቦቻቸው የተዘጋጀ የሦስት ወር መርሐ ግብር ነው። አንድ ቅዳሜ ሎንግ ቢች ባሕር ዳር ሽርሽር፤ ሁሉም ምግብ ከቤቱ ይዞ ይመጣል። ለሚጾሙ የጾም ምሳ፣ በአንዱ አባል ቤት። የመኖሪያ ወረቀት ላልጨረሱ ከጠበቃ ጋር ምክር። የዳማ ውድድር። ደግሞም ለእናቶችና ለአባቶች ብቻ የሻይ ሰዓት፤ ልጆች አይገኙበትም፤ የተቆጣም ያፈረም ይምጣ ይላል።

«ይህ የመጨረሻው ጥሩ ነው» አልኩት። «ፎቶህን ግን ለምን ታስገባለህ?»

«ፊት ለሌለው ወረቀት ማን ይደውላል? ባለፈው በስልክ ቁጥር ብቻ አውጥተን አንድ ሰው አልደወለም። ፊቴን ካዩ የማን ልጅ እንደሆንኩ ያውቃሉ።»

«ችግሩም እሱ አይደል?»

ሳቀ። ስለዚህ ጉዳይ ምን እንደማስብ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም። ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ሰው ነኝ፤ ሥራ ደግሞ ሥራ ነው። አንድ ነገር ግን ቆርጬ ነገርኩት፦ «እሠራልሃለሁ፤ የሱቁ መስታወት ላይ ግን አልለጥፍም።»

«ኦኬ፣ እኛው እናድለዋለን።» ሊወጣ ሲል ዞር አለ። «እማዬ እዚህ ትመጣለች?»

«በየቅዳሜው።»

«ደህና ናት?»

«ጉልበቷን ያማታል።»

ራሱን ነቅንቆ ወጣ። ያልነገርኩት ነገር ነበር። እናቱ በየቅዳሜው የምትመጣው ለሽሮ ብቻ አይደለም። መስታወቱ ፊት ትቆምና የሐዘን ወረቀቶቹን ብቻ በጣቷ እየጠቆመች ከላይ እስከ ታች ታያለች። ሠርጉንም ክርስትናውንም ዞር ብላ አታየውም። ጨርሳ ትሄዳለች። ዘጠኝ ዓመት ጥቁር ነው የምትለብሰው። ባሏ የሞተው ከዚያ በፊት ብዙ ዘመን ቀድሞ ነው፤ ጥቁሩ ለማን እንደሆነ ማንም ጠይቋት አያውቅም፤ እኔም ብሆን።

አሁን ወደ ሥራው ልምጣ። እኔ አዲስ ወረቀት ከባዶ አልጀምርም፤ በአሮጌው ሥራ ላይ አዲሱን እጽፋለሁ። ፈጣን የሆንኩትም በዚህ ነው። መሃል ላይ ትልቅ ፎቶ ያለበት አንድ ዓይነት ሥራ ብቻ ነው ያለኝ፤ የሐዘን። ከፈትኩት። መስቀሉን አነሣሁ። «ዜና ዕረፍት» የሚለውን አጠፋሁ። የልጁን ፎቶ በሟቹ ቦታ አስገባሁ፤ ስሙን በትልቁ ከሥሩ ጻፍኩ። የቀብር ሰዓትና ቦታ የነበረበት መስመር ላይ ሽርሽሩንና ሻዩን በደቃቅ ፊደል ደረደርኩ። የቀለም ማሽኑ ተበላሽቶ ስለነበር በጥቁርና ነጭ አተምኩት። አንድም የፊደል ግድፈት የለበትም፤ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ።

ዙሪያውን የከበበው ወፍራም ጥቁር ክፈፍ ግን አልታየኝም። ስንት ዘመን ያየሁት ነገር ነው፤ ዓይኔ አልፎት ሄደ።

ዓርብ ጠዋት ልጁ ከሌሊት ሥራው ሲወጣ መጣ፤ የታሸገውን እሽግ ሳይከፍት ይዞ ሊተኛ ሄደ። አንዲት ወረቀት ለናሙና ጠረጴዛዬ ላይ ቀርታ ነበር። ቅዳሜ እኔ የሠርግ ጥሪ ለማድረስ ሩቅ ሄጃለሁ። የሱቁ ባለቤት ደግሞ ደግ ሴት ናት፤ ነገር ግን የሐዘን ወረቀት ማለዳ ማንበብ ቀኑን ያበላሻል ስለምትል፣ ጥቁር ክፈፍ ያለበትን ሁሉ ሳታነብ ወስዳ ትለጥፋለች። ለጠፈችው። ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው በስልኩ አነሣው፤ ፊቱንና ስሙን ከነጥቁር ክፈፉ ቆርጦ በቴሌግራም ላከው። ያንን ደቃቅ ጽሑፍ ቆሞ ያነበበ አልነበረም። ወደ ስልክ ቁጥሩ የደወለም የለም፤ ለቅሶ ቤት ስልክ ተደውሎ «እውነት ነው ወይ?» አይባልማ።

ወደ ማታ ላይ ለእኔ ተደወለልኝ። የደወለው እንደ እኔ ያረጀ፣ ዕድሜውን በታክሲ የጨረሰ ወዳጄ ነው።

«ነገ መርዶ አለ። አሥራ አንድ ተኩል ላይ ፒኮ ጥግ ተገኝ።»

«የማን ቤት?»

«ስትመጣ ታያለህ። በስልክ አይሆንም።»

ልክ ነው፣ በስልክ አይሆንም። አልጠየቅኩም። ጥቁር ኮቴን ቦርሼ ተኛሁ፤ ጥሩ እንቅልፍም ተኛሁ።

ሲነጋጋ ሰባት ሆነን ቆምን። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ የሱቁ ባለቤት በፎጣ የተጠቀለለ ድስት ይዛለች። መንገዱ ጭር ብሏል። ወደ ሕንፃው ስንታጠፍ የማን ቤት እንደሆነ አወቅኩ፤ ሆኖም እሷ እዚህ አገር ከዚያ ልጅ ሌላ ሰው እንደሌላት ቶሎ አልመጣልኝም።

«ማነው የሞተባት?» አልኩ ቀስ ብዬ።

ወዳጄ ዞሮ አየኝ። «እንዴ! አንተው ነህ እኮ የጻፍከው።»

«እኔ ብዙ እጽፋለሁ።»

«ልጇ ነዋ! ነርሱ። አቤት፣ ፎቶውንስ እንዴት አድርገህ ነው ያሳመርክለት!»

  ክፈፉን በዚያች ደቂቃ አየሁት፤ እዚያው መንገድ ላይ ወረቀቱ በሌለበት፣ ጥቁሩን መስመር ከነውፍረቱ አየሁት። ቃል ስፈልግ የሱቁ ባለቤት ደረጃውን ወጥታ በሩን አንኳኩታለች።

እናትየው ከፈተች። ከሌሊት ልብሷ ላይ ያንን ጥቁር ሻሽ ጣል አድርጋለች። ሁላችንንም ተራ በተራ አየች። በዚያ ሰዓት ሰባት ሰው ነጠላ አዘቅዝቆ በር ላይ ሲቆም የሚነገር ነገር የለም። አልጮኸችም።

«አገኛችሁት?» አለች።

ይህን ቃል እስክሞት አልረሳውም። ከዚያ በኋላ ነው የወደቀችው። ሴቶቹ ይዘዋት ገቡ። መሬት ላይ ተቀምጣ ጭኗን እየመታች፣ «በየቅዳሜው ስፈልገው! በየቅዳሜው! ትናንት ጉልበቴን አሞኝ ብቀር፣ በቀረሁባት ቀን!» አለች። ያኔ መስታወቱ ፊት ዘጠኝ ዓመት ምን ታነብ እንደነበር ገባኝ። ማንም ስለ ልጇ እንደማይነግራት ታውቃለች። መሞቱን ግን አንድ ሰው፣ ማለትም እኔ፣ እንደምጽፍ ታውቅ ነበር።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። የማጽናናው እኔ ነኛ።

«ልጅሽ አልሞተም» አልኩ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ለቅሶው በለጠኝና ማንም አልሰማኝም። ደገምኩት። በሦስተኛው ጮኽኩ፦ «አልሞተም ስላችሁ! ክፈፉ ነው! ስህተቱ የእኔ ነው!»



«ምን ይላል ይኼ ሰውዬ?» አለ ወዳጄ።

«ታዲያ ወረቀቱ የምንድን ነው?» አለች የሱቁ ባለቤት።

የፈራሁት ይህንን ነበር። የሆስፒታል ስብሰባ ነው ልል ውሸቱ አፌ ላይ ደርሷል። አንድ ቃል ብናገር ሰው ሁሉ በእፎይታ ይሄድ ነበር፤ የእኔም ስም ይተርፍ ነበር። ግን የሱቁ ባለቤት ወረቀቱን ከመስታወቱ አንሥታ፣ እናትየው በኋላ እንድትይዘው ብላ ቦርሳዋ ውስጥ አጥፋ ይዛው ነበር። አወጣችው። እናትየው እጇን ዘርግታ ተቀበለቻት፤ ፎቶውን በመዳፏ አበሰችና ለእኔ ሰጠችኝ።

«መነጽሬን አላደረግኩም። አንብብልኝ።»

ቆሜ አነበብኩት። የሐዘን ወረቀት በማነብበት ድምፅ፣ ሌላ ድምፅ ስላልመጣልኝ። «ኤልጂቢቲ ለሆኑ ኢትዮጵያውያንና ለቤተሰቦቻቸው» ከሚለው ጀምሬ ሽርሽሩን፣ የጾሙን ምሳ፣ ጠበቃውን፣ ዳማውን፣ ሻዩን አንድ በአንድ። «የተቆጣም ያፈረም ይምጣ» ስል አንደኛዋ ሴት የተዘቀዘቀ ነጠላዋን ማስተካከል ጀመረች፤ መሃል ላይ ተወችው።

«ከዚህስ ሞቶ ቢያርፍ ይሻላት ነበር» አለ ወዳጄ፤ ቀስ ብሎ ነው፤ ግን ቤቱ ጠባብ ነው።

እናትየው ከመሬት ሳትነሣ ቀና አለች። «አንተ! መቅበር ካማረህ የራስህን ቅበር። ውጣልኝ ከቤቴ!»

ወጣ። ሁለት ሰዎች ተከተሉት። 

«ቁጥሩ አለ?» አለችኝ።

«አለ።»

«ደውልልኝ።»

ደወልኩ። የሌሊት ሥራው ገና ስላላበቃ አላነሣም፤ የተቀዳው ድምፁ ነው የመለሰው። በእንግሊዝኛ ስሙን ይናገራል፤ መልእክት ተዉልኝ ይላል። እናትየው ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። ሲያበቃ መለሰችልኝ። «ድገመው።» ደገምኩት። «ድገመው።» ስንት ጊዜ እንደደወልኩ አልቆጠርኩም። መልእክት ግን አልተወችም። ያ ስልክ ውስጥ ያለው ሰው በሕይወት ያለ አይመስልም ነበር፤ ሁልጊዜ ያንኑ ቃል በዚያው ድምፅ ይናገራል። እኔም አብሬያት ቁጭ አልኩ።

ፀሐይ ከወጣች በኋላ መልሶ ደወለ። ስልኩን ሰጠኋት፤ መለሰችልኝ።

«ጋሼ? ወረቀቱ ሠራ? ገና ሳናድለው ሰው ደወለ እንዴ?» አለ፤ ድምፁ ደስ ብሎታል።

«አንድ ሰው ደውሏል።»

«ማን?»

«እናትህ።»

ከወዲያ በኩል የሰው ኮቴና የሚጮህ ማሽን ብቻ ይሰማ ነበር። ሆስፒታሉ ውስጥ ነው መሰለኝ። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

ሰኞ ልጁ ወሬው ሁሉ ደርሶት ወደ ሱቁ መጣ። የሱቁ ባለቤት ሲገባ ስታየው «በስመ አብ!» ብላ የያዘችውን የምስር ሣህን ጣለች፤ በሕይወት መኖሩን እያወቀች። ሰው ሁሉ እንዲያ ሆኖበታል። አንድ ጊዜ ሞተ ተብሎ የተለቀሰለትን ሰው እጁን ለመጨበጥ የሚፈራ እንዳለ ያን ቀን አየሁ።

«ጋሼ፣ ስንት ሰው አለቀሰልኝ?» አለኝ።

«ሰባት ነበርን።»

«ኖት ባድ።» ሳቀ፤ ሳቁ ግን አልቆየም። «እማዬስ? በሩን ስትከፍት ምን አለች?»

ልዋሽለት አልፈለግኩም። «"አገኛችሁት?" አለች።»

የሽንኩርቱ ጆንያ ላይ ቁጭ አለ። 

ያንን ፋይል አጥፍቼዋለሁ። አልጠፋልኝም ግን። ሰው ፎቶ ይዞልኝ ሲመጣ፣ ሙሽራም ቢሆን፣ የአርባ ቀን ሕፃንም ቢሆን፣ ፊቱ ዙሪያ ጥቁር መስመር ይታየኛል። ዓይኔን አሽቼ ነው የምሠራው። ይህን ለሐኪም አልተናገርኩም።

ከዚያ ወዲህ የቻልኩትን ልዘርዝር፤ እኔ ካልዘረዘርኩት ማን ይዘረዝርልኛል።

ወረቀቱን ከባዶ ጀምሬ፣ አሮጌ ሥራ ሳልነካ፣ በቀለም እንደገና ሠራሁት። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ እሱ ይበልጣል።

በራሴ እጅ መስታወቱ ላይ ለጠፍኩት። ቀደዱት። ለጠፍኩት። ቀደዱት። በአራተኛው የሱቁ ባለቤት ከውስጥ በኩል ለጠፈችውና «እስቲ አሁን መስታወቱን ይስበሩት» አለች። እስካሁን አለ።

አዲስ አበባ ደወልኩ። ፎቶው እዚያም ደርሶ አክስቱ ቤት ድንኳን ተጥሎ ነበር። መኖሩን ስነግራት እልል አለች። አጎቱ ግን ወረቀቱ የምን እንደነበር ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። «እንግዲህ አልቅሰናል» ብሎ ዘጋው። በእሱ ቤት ልጁ ዛሬም ሙት ነው። አሥር ጊዜ ደውዬለታለሁ፤ መደወሉን ቻልኩ፣ ሌላውን አልቻልኩም።

የሟቹን ስም ቀድሞ ካልነገሩኝ መርዶ አልሄድም ብያለሁ። ከዚያ ወዲህ አልጠሩኝም።

ከእናትየው ጋር ለወላጆች ሻይ ሄድኩ። ወንበሩ ብዙ ነው፤ የመጣነው አራት ነን። አንድ አባት ኮቱን ሳያወልቅ ሰዓቱን ሁሉ ተቀምጦ ሲወጣ፣ «የሚቀጥለው መቼ ነው?» አለኝ። ቀኑን በቃሌ ነገርኩት።

በሽርሽሩ ቀን እናትየውን ሎንግ ቢች ወሰድኳት። ባሕሩ ዳር ደርሰን ከመኪናው አልወርድም አለች። አልለመንኳትም። ልጁ ከሩቅ አይቶን ከሰዎቹ መሃል ተነሥቶ መጣ፤ ሁለት እርምጃ ሲቀረው ቆመ። መስኮቱን እስከ ታች አወረድኩላት። እጇን አውጥታ ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ ጆሮውን ዳሰሰች፤ ሬሳ የሚያጥብ ሰው እንደሚነካ፣ ቀስ ብላ፣ አንዱንም ሳትዘል። እሱ ጎንበስ አለላት።

«ይሞቃል» አለች። የነገረችው ለእኔ ነው።

«አዎ» አልኳት፤ ሌላ አንድ ቃል ሳልጨምር ዝም ማለት ቻልኩ።